የላዳ የሙቀት ጌጅ ሲሳሳት፦ ጥፋቱ የሴንሰሩ፣ የሽቦው ወይስ የሞተሩ መሆኑን ደረጃ በደረጃ መለየት

የሙቀት ጌጁ ጠቋሚ ከታች አልነሣ ሲል፣ ወይም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቀዩ ላይ ሲወጣ፣ ብዙ ባለ ላዳዎች መጀመሪያ ሴንሰር ይገዛሉ፤ ካልሆነ ቴርሞስታቱን (ውሃው እንደ ሙቀቱ ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ) ያስወልቃሉ፤ አሁንም ካልሆነ ከሌላ መኪና የወጣ ዳሽቦርድ ያስገጥማሉ። ሦስቱም ተደርጎ ጌጁ እንደነበረ የሚቀረው ቅደም ተከተሉ ስለሚዘለል ነው። ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ ሞተሩ በእርግጥ ሞቋል ወይስ ጌጁ ነው የሚዋሸው የሚለው፣ ሳይመለስ ዕቃ መቀየር ይጀመራል።

ይህ መመሪያ ከሞዴል 2101 እስከ 2107 ላሉት፣ በኋላ እግር ለሚነዱት ላዳዎች የተጻፈ ነው። አፈታተሹ ለፊያት 124ም ያገለግላል፤ ከዚህ በታች የተሰጡት የኦም (ኤሌክትሪክን የመግታት መለኪያ) ቁጥሮች ግን የላዳው ቲኤም 106 ሴንሰር ስለሆኑ ወደ ሌላ መኪና አይወሰዱም። ሥራው ግማሽ ቀን ያህል ይወስዳል፤ ከዚያም አብዛኛው ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው።

አሠራሩን ሳያውቁ አይጀምሩ

ከቁልፉ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በፊውዝ አልፎ ወደ ጌጁ ይገባል። ከጌጁ አንድ ነጠላ ሽቦ ወጥቶ ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ ያለው የሞተሩ ራስ) ላይ ወደተጠመደው ሴንሰር ይሄዳል። ሴንሰሩ ሁለተኛ ሽቦ የለውም፤ መመለሻው በጥርሱ በኩል የሞተሩ ብረት፣ ማለትም ማሳ ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ነገር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን በብርቱ ይገታል፤ ሲሞቅ ይለቃል። ስለዚህ የሴንሰሩ ሽቦ ከተበጠሰ ጌጁ «ቀዝቃዛ» ይላል፤ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ ደግሞ «ፈላ» ይላል። የሚከተለው ፈተና ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚጠነቀቁባቸው

ሞተሩ የሞቀ እንደሆነ የራዲያተሩን ክዳን በፍጹም አይክፈቱ። ይህን ማስጠንቀቂያ ሁሉም ሰው ሰምቶታል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ከሌላው ቦታ የበለጠ የሚያስፈራበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ስለምትጠጋ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። የላዳው ራዲያተር ክዳን ከውጭው አየር በግማሽ ባር ያህል የበለጠ ግፊት ስለሚይዝ፣ ክዳኑ እስከተዘጋ ድረስ ውሃው 100 ዲግሪ ሆኖ እንኳ ላይፈላ ይችላል። ክዳኑን በከፈቱበት ቅጽበት ግን ግፊቱ ይወርድና ያ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በባዶ እጅዎ ጨብጠው መቆየት እስኪችሉ ድረስ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ይጠብቁ።

ሁለተኛው፣ ሞተሩ እየሠራ ሲለኩ የልብስ እጅጌ፣ ነጠላም ሆነ ሻርፕ፣ ከማራገቢያውና ከቺንጋው (ከሞተሩ ቀበቶ) ይራቅ። 2107 ላይ ማራገቢያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶም በድንገት ሊነሣ ይችላል፤ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ቁልፉን ያውጡ።

ሦስተኛው፣ ጥፋቱ እስኪታወቅ ድረስ «ጌጁ ነው እንጂ ሞተሩ ደህና ነው» ብለው ረጅም መንገድ አይውጡ። ይህን ግምት ይዞ የእንጦጦን ዳገት የወጣ ሰው ሲመለስ የቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ገዢ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መልቲሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለሴንሰሩ 21 ቁጥር ረጅም ቡሽ ቁልፍ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ጥቁር ናስትሮ፣ አንድ ሜትር ያህል ጫፉ የተላጠ ሽቦ፣ ጃምፐር ገመድ፣ ትንሽ ድስትና የምግብ ወይም የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ያዘጋጁ። ከርቀት የሚለካ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ቢገኝ ሥራውን በብዙ ያቀልላል።

ከዚህ በተጨማሪ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ አራት ሬዚስተሮች (ኤሌክትሪክን በታወቀ መጠን የሚገቱ ትንንሽ ዕቃዎች) ይግዙ፦ 1,000 ኦም፣ 180 ኦም፣ 82 ኦምና 47 ኦም፣ ሁሉም ባለ ግማሽ ዋት ወይም ከዚያ በላይ። ዋጋቸው ከአንድ ሴንሰር ጋር አይወዳደርም፤ ጌጁን በእርግጠኝነት ለመመርመር ግን ከእነርሱ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ደረጃ 1፦ ሞተሩ ሞቋል ወይስ ጌጁ ዋሽቷል?

1. መኪናው አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት ኮፈኑን ይክፈቱ። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ከቴስታታው በሚወጣበት የብረት አንገት ላይ ጥቁር ናስትሮ ይለጥፉ። የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የሚያብለጨልጭ አሉሚኒየም ላይ ሲያነጣጥሩት ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚሰጥ ናስትሮው የግድ ነው።

2. ሞተሩን ያስነሡና ቆሞ ይሥራ። በየሁለት ደቂቃው ናስትሮውን ይለኩ፤ ከጎኑም ጠቋሚው የት እንደደረሰ ይጻፉ። በቃል መያዝ አይበቃም።

3. ጤነኛ ሞተር ሙሉ በሙሉ ሲሞቅ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ይቆማል። ቴርሞሜትሩ 85 እያለ ጠቋሚው ቀዩ ላይ ከሆነ፣ ወይም 85 እያለ ጠቋሚው ከታች ካልተነሣ፣ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ይለፉ። ቴርሞሜትሩና ጌጁ አብረው ከወጡ ጌጁን ይተዉት፤ እውነቱን ነው የነገረዎት። በቀጥታ «ጌጁ እውነቱን ከሆነ» ወደሚለው ክፍል ይሂዱ።

የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከሌለዎት፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው የምግብ ቴርሞሜትር በአፉ ያስገቡና ሞተሩን ያስነሡ። በዚህ መንገድ ሲለኩ ክዳኑ ክፍት ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ውሃው በ92 ይፈላል፤ 88 ሲደርስ ሞተሩን ያጥፉ።

ደረጃ 2፦ የውሃው መጠንና የታሰረ አየር

ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ አደገኛውም ስህተት እዚህ ነው ያለው። ሴንሰሩ የሚለካው ጫፉን የነካውን ነገር ነው። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ በአየር ወይም በእንፋሎት ውስጥ ከቀረ፣ ቴስታታው እየነደደ ጌጁ ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ጠቋሚው ወጥቶ ወጥቶ በድንገት ከወረደ፣ እፎይ ብለው እንዳይቀጥሉ፤ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ።

1. ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ውሃው እስከ አፉ መሆን አለበት። በፕላስቲኩ መጠባበቂያ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዝቅተኛው ምልክት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ሲስተሙ በጠቅላላው ከነማሞቂያው ወደ 9.85 ሊትር ይይዛል፤ ከባዶ ሲሞሉ ስድስት ሊትር ላይ «ሞላ» ካለ አየር ታስሯል ማለት ነው።

2. አየሩን ለማስወጣት መኪናውን አፍንጫው ሽቅብ በሆነ ቦታ ያቁሙ፤ የውስጥ ማሞቂያውን መክፈቻ ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፤ ውሃውን በቀስታ ይሙሉ፤ ሞተሩን አስነሥተው ቱቦዎቹን በእጅዎ እየጨመቁ ይልቀቁ። አረፋው ሲያቆም እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙ።

3. አረፋው ሞተሩ ሳይሞቅም፣ ቤንዚን በሰጡ ቁጥር እየባሰ ከቀጠለ፣ ከታሰረ አየር ይልቅ የተቃጠለ ጋዝ በጋስኬቱ በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው። ለዚህ የጌጅ ሥራ መፍትሔ አይሆንም፤ ቴስታታው ይውረድ።

ደረጃ 3፦ ፊውዙና አብረውት ያሉት

ቁልፉን ሞተር ሳያስነሡ ይክፈቱና የቤንዚን ጌጁንና ፍሬቻውን ይመልከቱ። የሙቀት ጌጁ ከእነርሱ ጋር በአንድ ፊውዝ ላይ ስለሆነ፣ ሁሉም አብረው ከሞቱ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በ2101 ይህ ዘጠነኛው፣ ባለ 8 አምፔር ፊውዝ ነው።

የእነዚህ መኪናዎች ፊውዝ ቆርቆሮው በላዩ ላይ የሚታይ ዓይነት ነው፤ ሳይቃጠልም ጫፉና የያዘው ላሜራ ዝገው መገናኘት ያቆማሉ። ፊውዙን አውጥተው ሁለቱንም በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፤ ላሜራው ከላላ በፒንሳ በጥቂቱ ያጥብቁት። በተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ወረቀት ወይም የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ መመለስ የተለመደ ነው፤ ሽቦ በዳሽቦርዱ ውስጥ ሲነድ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። አዲስ ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ከመስመሩ አንዱ ብረት ነክቷል፤ እስኪገኝ ድረስ ሦስተኛ ፊውዝ አያስገቡ።

ደረጃ 4፦ የሴንሰሩን ሽቦ መንቀልና ማሳ ማስነካት

ሴንሰሩ በቴስታታው ግራ ጎን፣ በካንዴላዎቹ በኩል ይገኛል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ በሞተሩ ብሎክ ላይ የዘይት ግፊት ሴንሰር ስላለ አያምታቱ፤ ሽቦዎቻቸው ተለዋውጠው የተሰኩበት መኪና አጋጥሞኛል፤ የባለቤቱ ጌጅ ሞተሩ ሳይነሣ «ፈልቷል» እያለ፣ ሞተሩ ሲነሣ ይበርድ ነበር። ወደ ሙቀት ሴንሰሩ የሚሄደው ሽቦ ከፋብሪካ ሲወጣ አረንጓዴ ሆኖ ነጭ መስመር ያለው ነው። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት በየጋራዡ የተነካካ መኪና ላይ ግን ቀለምን አይመኑ፤ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመልቲሜትር ይከተሉት።

*ጠቋሚው ከታች የማይነሣ ከሆነ*

1. ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሞተሩን አያስነሡ። ሽቦውን ከሴንሰሩ ይንቀሉና ጫፉን ንጹሕ የሞተር ብረት ያስነኩ። ሌላ ሰው ጌጁን ይይ። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ ጠቋሚው ወደ ቀዩ ከሄደ ወዲያው ያላቅቁ።

2. ጠቋሚው ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ጤነኞች ናቸው። የቀረው ሴንሰሩ ወይም ማሳው ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ይለፉ።

3. ጠቋሚው ካልሄደ ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከጌጁ ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ነቅለው ዳሽቦርዱን ያውጡ፤ አወጣጡ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ በጉልበት አይሳቡ፤ የኪሎሜትሩን ገመድ አስቀድመው ይፍቱ። ሽቦዎቹን ከጌጁ ሳይነቅሉ ባትሪውን ይመልሱ፤ ቁልፉን ይክፈቱ፤ ከዚያ የሴንሰሩ ሽቦ በጌጁ ጀርባ ላይ የተሰካበትን ቦታ በተላጠ ሽቦ ማሳ ያስነኩ። አሁን ጠቋሚው ከሄደ በመካከል ያለው ሽቦ ተበጥሷል። አሁንም ካልሄደ ጌጁ ኤሌክትሪክ እየደረሰው መሆኑን በመልቲሜትር ያረጋግጡ፤ 12 ቮልት እያገኘ ዝም ካለ ጌጁ ሞቷል።

*ጠቋሚው ሁልጊዜ ቀዩ ላይ ከሆነ*

1. ቁልፉ ክፍት ሳለ ሽቦውን ከሴንሰሩ ይንቀሉ፤ ጫፉም ምንም ነገር እንዳይነካ አድርገው ይያዙት። ጠቋሚው ወደ ታች ከተመለሰ ሴንሰሩ ተቃጥሏል ወይም የዚህ መኪና አይደለም።

2. ካልተመለሰ ሽቦው አንድ ቦታ ብረት ነክቷል። ሽቦውን ከጌጁ ጀርባም ይንቀሉ፤ ጠቋሚው ከወረደ ሽቦውን ይቀይሩ፤ ካልወረደ ጌጁን። ሽቦው የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ጎማ ሲደርቅ ይፈረካከስና የብረቱ ጠርዝ ሽቦውን ይበላዋል። የተላጠውን ቦታ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መመለስ ለሳምንት ነው የሚሆነው፤ ጎማውን ይተኩ ወይም የቱቦ ቁራጭ ያልብሱት።

ደረጃ 5፦ ማሳውን መፈተሽ

ሴንሰሩ በሞተሩ በኩል ስለሚመለስ ሞተሩና ቦዲው ካልተገናኙ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያሳያል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ይታያል፦ ሞተር ሲነሣ ይጎትታል፤ የቾክ ወይም የቤንዚን መስጫው የብረት ገመድ ይሞቃል።

1. ቀላሉ ፈተና ይህ ነው። ጌጁ ዝቅ ብሎ እያሳየ ሳለ የጃምፐር ገመዱን አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ይያዙ። ጠቋሚው ከፍ ካለ የሞተሩ ማሳ ገመድ ነው ጥፋተኛው።

2. በቁጥር ለማረጋገጥ ሞተሩ እንዳይነሣ የኮይሉን መካከለኛ ሽቦ ነቅለው ማሳ ያስይዙ፤ መልቲሜትሩን በሞተሩ ብረትና በባትሪው ነጌቲቭ መካከል ይያዙ፤ ሌላ ሰው ሞተሩን ያዙር። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ የማሳውን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ ፈትተው ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱ፤ ገመዱ የተበጣጠሰ ከሆነ ይቀይሩት።

3. ጠቋሚው መብራት ሲያበሩ ወይም ፍሬቻ ሲያሳዩ አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ የተበላሸው የዳሽቦርዱ የራሱ ማሳ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ጥቁር ሽቦ ቦዲውን በያዘበት ቦታ ያጽዱ።

ደረጃ 6፦ ሴንሰሩን በድስት መፈተን

ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ግፊት አለመኖሩን ያረጋግጡና ሴንሰሩን በ21 ቁጥር ቁልፍ ይፍቱ። ጥቂት ውሃ ይፈስሳል፤ አዲሱን ሴንሰር ወይም ቀዳዳውን የሚደፍን ቡሽ በቅርብ ይያዙ። ካልፈታ አያስገድዱት፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ አብሮ ይወጣል። ዝገት ማላቀቂያ ነፍተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት።

የሴንሰሩን የብረት ጫፍ ብቻ በውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ የሽቦ መሰኪያው ውሃ አይንካው፤ የድስቱንም ግርጌ አይንካ። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በመሰኪያው፣ ሌላውን በሴንሰሩ አካል ላይ ይያዙ። ጤነኛ ቲኤም 106 እንዲህ ማንበብ አለበት፦

በ30 ዲግሪ ከ1,350 እስከ 1,880 ኦም፤
በ50 ዲግሪ ከ585 እስከ 820 ኦም፤
በ70 ዲግሪ ከ280 እስከ 390 ኦም፤
በ90 ዲግሪ ከ155 እስከ 196 ኦም፤
በ110 ዲግሪ ከ87 እስከ 109 ኦም።

ጤነኛ ሴንሰር ያለ ጥፋቱ የሚጣለው በዚህ ደረጃ ነው። ሰው ውሃውን አፍልቶ «አሁን 100 ነው» ይልና ወደ 130 ኦም ይጠብቃል፤ መልቲሜትሩ 165 ሲል ሴንሰሩን ወደ ቆሻሻ ይወረውራል። አዲስ አበባ ላይ የሚንተከተክ ውሃ 92 ዲግሪ ስለሆነ 165 ትክክለኛው ንባብ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚያ ውሃው በ96 ገደማ ይፈላል፤ ንባቡም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፍላቱን እንደ መለኪያ አይውሰዱ፤ ቴርሞሜትሩን ከሴንሰሩ ጎን ይንከሩና በ50፣ በ70 እና በ90 ይለኩ። ውሃው ሲሞቅ ብቻ ሳይሆን ሲቀዘቅዝም ይለኩ፤ ወደ ላይ ደህና አንብቦ ወደ ታች የሚዘገይ ወይም የሚዘልል ሴንሰር ውስጡ ላልቷል።

አዲስ ሴንሰር ሲገዙ መልቲሜትሩን ይዘው ይሂዱ። በሱቁ ውስጥ ባለው ሙቀት፣ 20 ዲግሪ ገደማ፣ ከ2,000 ኦም በላይ ማንበብ አለበት። ዜሮ ካነበበ የዘይት ግፊት ሴንሰር ሰጥተውዎታል። ሁለት መሰኪያ ካለው ደግሞ የማራገቢያው ማስነሻ ነው።

ደረጃ 7፦ ጌጁን በሬዚስተር መፈተን

ሴንሰሩ ደህና ሆኖ፣ ሽቦውም ደህና ሆኖ፣ ጠቋሚው አሁንም ከቴርሞሜትሩ ጋር ካልተስማማ የጌጁ ተራ ነው። ከሴንሰሩ የተነቀለውን ሽቦ በአንድ ሬዚስተር በኩል ከማሳ ጋር ያገናኙ፤ ቁልፉን ይክፈቱ፤ ጠቋሚው እስኪረጋ ይጠብቁ።

በ1,000 ኦም ጠቋሚው በመነሻው ላይ መቆም አለበት። በ180 ኦም የሚቆምበት ቦታ 90 ዲግሪ ነው። በ82 ኦም የቀዩ መጀመሪያ ላይ፣ በ47 ኦም የቀዩ መጨረሻ ላይ መድረስ አለበት። በ180 ኦም የቆመበትን ቦታ በመስታወቱ ላይ በቀጭን ቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ጠቋሚው ወዴት እንዳለ ሳይሆን ከዚያ ምልክት ምን ያህል እንዳለፈ ነው የሚያዩት። ብዙ ሰው የሚደነግጠው የላዳ ጠቋሚ በጤናውም ወደ ቀዩ ቀረብ ብሎ ስለሚቆም ነው፦ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ ላይ እንኳ ከቀዩ የሚርቀው በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ጌጁ በአንዱ ትክክል ሆኖ በሌላው ከተሳሳተ ጠቋሚውን በእጅ ማጠፍ አይረዳም፤ መነሻውን ሲያስተካክሉ መጨረሻው ይበላሻል። ሌላ ጌጅ ይፈልጉና ከመግዛትዎ በፊት በእነዚሁ አራት ሬዚስተሮች ይፈትኑት።

ደረጃ 8፦ መልሶ መግጠም

የሴንሰሩን ጥርስና የቴስታታውን ቀዳዳ ያጽዱ፤ አዲስ የመዳብ ዋሸር ያድርጉ። ነጩን የቧንቧ ቴፕ አይጠቅልሉ፤ መመለሻው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ቴፑ ማሳውን ይከለክለውና የጠገኑትን ጌጅ መልሰው ያበላሹታል። በልኩ ያጥብቁ፤ ከቁልፉ ጫፍ ላይ በሁለት እጅ አይጎትቱ። የጎደለውን ውሃ ሞልተው በደረጃ 2 እንደተገለጸው አየሩን ያስወጡ፤ ከዚያ ደረጃ 1ን እንደገና ይድገሙ።

ጌጁ እውነቱን ከሆነ

ቴርሞሜትሩም ጌጁም ሞተሩ መሞቁን ከተስማሙ፣ በቅድሚያ የቺንጋውን መጥበቅ፣ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል የተጠቀጠቀውን አፈርና የክዳኑን ጎማ ይዩ። ከዚያ ቴርሞስታቱ ላይ ይቁሙ።

የላዳ ቴርሞስታት ሦስት አፍ ያለው፣ ከሞተሩ ውጭ በቱቦዎች መካከል የተንጠለጠለ ዕቃ ነው። መከፈቱን ለማወቅ ብዙዎች የላይኛውን ቱቦ ይዳስሳሉ፤ በዚህ መኪና ላይ ግን የሚዳሰሰው የራዲያተሩ ታችኛው ክፍል ነው። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ጠቋሚው ወደ ቀዩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መሞቅ ይጀምራል። ጠቋሚው ቀዩን አልፎ ታችኛው አሁንም ከቀዘቀዘ ቴርሞስታቱ አልተከፈተም። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አብሮ ከሞቀ ደግሞ ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

በድስት ሲፈትኑት መከፈት የሚጀምረው ከ77 እስከ 86 ዲግሪ ባለው ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ94 ገደማ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ በተከፈተ ድስት እስከ መጨረሻው አይደርስም። መከፈት ከጀመረ ይበቃዋል፤ «ግማሽ ነው የተከፈተው» ብለው አይጣሉት።

ውስጡን አስወጥቶ ባዶውን መመለስ የሚባለውን ምክር አይቀበሉ። ይህ ቴርሞስታት ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ ዓይነት ስለሆነ፣ ውስጡ ከወጣ አቋራጩ ለዘላለም ክፍት ይሆናል፤ የውሃው ከፊሉ በራዲያተሩ ሳያልፍ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በብርድ ጠዋት ሞተሩ አይሞቅም፤ ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ይሞቃል። አንድ ጋራዥ ይህን ለእኔ አድርጎልኝ ሁለት ወር ሙሉ ጌጁን ስወቅስ ኖሬአለሁ።

2107 ላይ ማራገቢያው ካልተነሣ በማስነሻው ላይ ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ነቅለው እርስ በርስ ያገናኙ፤ ማራገቢያው ከዞረ ማስነሻው ይቀየር።

መኪናዎ ላዳ ካልሆነ

በላንድሮቨር ሲሪስ 3 ላይ የቤንዚንና የሙቀት ጌጆቹ የሚሠሩት በ10 ቮልት ሲሆን፣ ይህን የሚሰጣቸው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለ ትንሽ የቮልት ማረጋጊያ ነው። ሁለቱም ጌጆች አብረው ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ ሴንሰሩን አይንኩ፤ ማረጋጊያውን ወይም ማሳውን ይዩ። የእነዚህ ጌጅ በውስጡ በሚሞቅ ጥምዝ ስለሚሠራ ሽቦውን ማሳ አስነክቶ መቆየት ያቃጥለዋል፤ ፈተናውን በሬዚስተር በኩል ያድርጉ።

ከጌጁ ወደ ሞተሩ በሽቦ ፈንታ ቀጭን የመዳብ ቱቦ የሚሄድበት አሮጌ መኪና ከሆነ ኤሌክትሪክ የለውም። ቱቦው በፈሳሽ የተሞላና ከሁለቱም ጫፍ የታሸገ ስለሆነ አይቁረጡት፤ አያጣጥፉትም። ጫፉን ከሞተሩ ፈትተው ከቴርሞሜትር ጋር በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ይንከሩ፤ ጠቋሚው ካልተነሣ ቱቦው ፈሳሹን አፍስሷል፤ ጌጁና ቱቦውም አንድ ላይ ይቀየራሉ።